ፖርት 23 እና የ20 በመቶው ግራፍ፦ የአንድ መሥሪያ ቤት የስዊች ፖርት ቆጣሪዎች ንባብ

ጉዳዩ የተነሣው አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ላይ በሚሠራ መሥሪያ ቤት ነው። ምድር ላይ ባለች ጠባብ የሰርቨር ክፍል ውስጥ ባለ 24 ፖርት (የኬብል መሰኪያ) ዋና ስዊች፣ ማለትም ኮምፒውተሮችን በኬብል የሚያገናኝ መሣሪያ፣ ተቀምጧል፤ በየፎቁ ደግሞ የዚያን ፎቅ ኮምፒውተሮች የሚሰበስብ አንድ አንድ ስዊች አለ። የአንደኛውና የሁለተኛው ፎቅ ስዊቾች ከዋናው ጋር የሚገናኙት በተለመደው የመዳብ ኬብል ሲሆን፣ የሂሳብና የግዥ ክፍሎች የሚገኙበት ሦስተኛው ፎቅ ግን ከብዙ ዓመት በፊት በተዘረጋ ፋይበር፣ በሁለቱም ጫፍ በተቀመጡ ሚዲያ ኮንቨርተሮች (የመዳቡን ምልክት ወደ ፋይበር፣ የፋይበሩንም ወደ መዳብ በሚለውጡ ሳጥኖች) አማካይነት ከዋናው ስዊች ፖርት 23 ጋር ተያይዟል። ፖርት 1 ላይ የፋይል ሰርቨሩ አለ፤ ፖርት 24 ወደ ራውተሩ፣ ከዚያም ወደ ኢንተርኔት ይወጣል። ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ ከሞላ ጎደል በእነዚህ ሦስት ፖርቶች ላይ ያተኮረ ነው።

ቅሬታው ሁለት ዓይነት ነበር፤ ችግሩ ለረጅም ጊዜ ሳይፈታ የቆየውም ሁለቱ እንደ አንድ ስለታዩ ነው። የመጀመሪያው የሦስተኛው ፎቅ ነው። ሰርቨር ላይ ያለን የኤክሴል ፋይል መክፈት ደቂቃዎች ይፈጃል፤ ሊቀመጥ ሲል ፕሮግራሙ ይደርቃል፤ የሂሳብ ሶፍትዌሩም በየመሐሉ ግንኙነቱ እንደተቋረጠ ይናገራል። አንዲት አንጋፋ የሂሳብ ባለሙያ ለአይቲ ክፍሉ ወጣት፣ «የኔ ልጅ፣ ፋይሉን ከፍቼ ቡና ጠጥቼ ስመለስ አሁንም እየዞረ ነው» ብለውታል። ሁለተኛው የመላው ሕንፃ ቅሬታ ሲሆን፣ ከምሳ በኋላ ኢንተርኔት ይጎተታል የሚል ነው። አስተዳደሩ ሁለቱንም ቅሬታ «ኔትወርክ የለም» በሚል አንድ ስም ጠቅልሎ፣ መፍትሔው የኢንተርኔቱን ፍጥነት ማሳደግ ነው ብሎ የግዥ ጥያቄ ማዘጋጀት ጀምሮ ነበር። የአይቲ ክፍሉ በበኩሉ ከክትትል ሶፍትዌሩ ያወጣውን ወርኃዊ ግራፍ አያይዞ፣ የፖርት 24 አጠቃቀም ከ20 በመቶ አልፎ እንደማያውቅ፣ የሰርቨሩ ፖርትም ከዚያ ያነሰ ሥራ እንደሚሠራ በመግለጽ መስመሩ እንዳልተጨናነቀ አስረድቶ ነበር። እኔ ነገሩን እንዳይ የተጠየቅሁት ሁለቱ ወገኖች በዚህ ላይ ሳይስማሙ በቀሩበት ጊዜ ነው።

በስዊች የአስተዳደር ገጽ ላይ ለእያንዳንዱ ፖርት ተዘርዝረው የሚታዩት አኃዞች፣ ማለትም የገባው ባይት፣ የወጣው ባይት፣ የፍሬሞቹ (በኬብሉ ላይ የሚላኩት የመረጃ እሽጎች) ብዛት፣ የሲአርሲ ስህተት (የማጣሪያ ድምሩ ያልገጠመ፣ ማለትም የተበላሸ ፍሬም)፣ ኮሊዥን (ግጭት)፣ የተጣለ ፓኬትና የመሳሰሉት፣ በአብዛኛው ስዊቹ ከበራበት ጊዜ ጀምሮ የተጠራቀሙ ድምሮች ናቸው። እንደ ቤት የመብራት ቆጣሪ፣ የዛሬው ንባብ ያለፈው ንባብ ካልተቀነሰበት በስተቀር ስለ ዛሬ ፍጆታ የሚናገረው ነገር የለም። የአይቲ ክፍሉ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ባነበበው ገጽ ላይ በፖርት 24 አንጻር 612 የሲአርሲ ስህተት አይቶ፣ ይህን እንደ ጥፋተኛ ቆጥሮ ኬብሉን ቀይሮ ነበር። ከኬብሉ ለውጥ በፊትም፣ በኋላም፣ እኔ ባየሁበት ቀንም አኃዙ ያው 612 ነበር። ስህተቶቹ በአንድ ወቅት፣ ምናልባት ኬብል ሲነቀልና ሲሰካ ወይም ራውተሩ ሲጠፋና ሲበራ የተፈጠሩ ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ አንድም አልተጨመረም። የማይንቀሳቀስ የስህተት አኃዝ ምንም ያህል ቢገዝፍ ያለፈ ታሪክ ነው፤ ለዛሬ ቅሬታ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የሁሉንም ፖርቶች አኃዝ ቅሬታው በሚበረታበት ሰዓት ሁለት ጊዜ መመዝገብና መቀነስ ሆነ። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ አንድ ንባብ፣ 8 ሰዓት ከ10 ላይ ሌላ ንባብ ተወሰደ። ብዙ ባለሙያዎች በዚህ ቦታ ላይ ቆጣሪውን ዜሮ ማድረግ ይቀናቸዋል። እኔ አልመክረውም። አንደኛ፣ የጠፋው አኃዝ በኋላ የሚፈለግ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ለምሳሌ በሲስኮ ስዊቾች ላይ የማጽጃው ትእዛዝ በተርሚናሉ ላይ የሚታየውን እንጂ የክትትል ሶፍትዌሩ በኤስኤንኤምፒ (ቆጣሪዎችን ከርቀት በሚጠይቅበት ሥርዓት) የሚያነበውን ቆጣሪ አይነካውም፤ በዚህ ምክንያት ሁለቱ ገጾች ከዚያ በኋላ የተለያየ አኃዝ ያሳያሉ፣ ይህንን የማያውቅ ሰውም ሌላ ብልሽት ያለ ይመስለዋል። ሁለት ቅጂ ወስዶ መቀነስ ከዚህ ሁሉ ያድናል።

ከንባቡ በፊት መጥራት የነበረበት ሌላው ነጥብ አቅጣጫ ነው። «ገቢ» እና «ወጪ» የሚባሉት በስዊቹ ዓይን ሲታዩ ነው። በሰርቨሩ ፖርት ላይ «ገቢ» ማለት ሰርቨሩ የሰጠው፣ «ወጪ» ማለት ሰርቨሩ የተቀበለው ነው። በፖርት 24 ላይ ደግሞ «ገቢ» ከኢንተርኔት የመጣው፣ «ወጪ» ወደ ኢንተርኔት የተላከው ይሆናል። ይህ ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ይሁን እንጂ በመሥሪያ ቤቱ ሪፖርት ውስጥ ሁለቱ ተገላብጠው ተጽፈው ነበር፣ መገላበጡም ወደ ኋላ እንደምናየው ዋጋ አስከፍሏል።

የሁለቱ ንባቦች ልዩነት ሲሠራ አብዛኞቹ ፖርቶች ንጹሕ ሆነው ተገኙ። የብሮድካስት (ለሁሉም የሚላኩ) ፍሬሞች ብዛት ሉፕ (ዞሮ ራሱ ላይ የሚገጥም መስመር) ይኖር ይሆን የሚል ጥርጣሬ አስነስቶ ነበር፤ ነገር ግን በአሥሩ ደቂቃ ውስጥ የጨመሩት ከሌላው ትራፊክ አንጻር ጥቂት ስለነበሩና በሁሉም ፖርቶች ላይ በተቀራራቢ መጠን ስለወጡ ያ ሐሳብ ወዲያው ተዘጋ። ጎልቶ የወጣው ፖርት 23 ብቻ ነበር። በዚያ ፖርት ላይ ሌት ኮሊዥን (ፍሬሙ የሚጠፋበት የዘገየ ግጭት) የሚባለው ቆጣሪ በ8 ሰዓት 41,862፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ 43,017 ይል ነበር፤ ልዩነቱ 1,155 ነው። በዚያው ጊዜ ከፖርቱ የወጡት ፍሬሞች 96,240 ነበሩ። ወደ ባይት ሲለወጥ የወጣው 118 ሚሊዮን ገደማ ስለሆነ፣ አማካይ ፍጥነቱ ከ1.6 ሜጋቢት በሰከንድ አይበልጥም፤ የ100 ሜጋቢት ፖርት 1.6 በመቶ ማለት ነው። ባዶ ሊባል በሚችል መስመር ላይ ከመቶው ፍሬም ከአንድ በላይ እየጠፋ ነበር።

አንድ በመቶ ሲባል ጆሮ ላይ ትንሽ ነው። መረጃው ሳይጎድል መድረሱን ለሚቆጣጠረው ለቲሲፒ ግን ትንሽ አይደለም። ቲሲፒ የጠፋን ፓኬት የመጨናነቅ ምልክት አድርጎ ስለሚወስድ፣ አንድ በጠፋ ቁጥር የመላኪያ ፍጥነቱን በአንድ ጊዜ በእጅጉ ይቀንስና ቀስ እያለ ይመልሰዋል፤ ሳያገግም ሌላ ሲጠፋ እንደገና ይወርዳል። የጠፋው ፓኬት የአንድ ጥያቄ የመጨረሻው ከሆነ ደግሞ፣ ከኋላው ሌላ ስለማይከተል መጥፋቱ የሚታወቀው የመጠበቂያው ጊዜ ሲያልቅ ብቻ ነው፤ ይህም በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊሰከንድ ሥራ ፈቶ መቆም ነው። የኤክሴል ፋይልን ከሰርቨር መክፈት ብዙ ትናንሽ ጥያቄና መልሶች የሚመላለሱበት ሥራ ስለሆነ፣ እነዚህ ቁርጥራጭ ጥበቃዎች ተደማምረው የባለሙያዋን ቡና የመጠጫ ጊዜ ያህል ሆነዋል።

ሌት ኮሊዥን ለምን እንደሚፈጠር ለመረዳት የኢተርኔትን፣ ማለትም የዚህን የኬብል ግንኙነት ሥርዓት፣ አሮጌ ጠባይ ማስታወስ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ኢተርኔት ብዙ ማሽኖች በአንድ የጋራ ኬብል ላይ የሚነጋገሩበት ስለነበር፣ እያንዳንዱ ማሽን ከመላኩ በፊት ያዳምጣል፣ በሚልክበት ጊዜ ሌላ ድምፅ ከሰማ ግጭት ተፈጠረ ብሎ ያቆማል፣ ጥቂት ጠብቆም ይደግመዋል። ይህ ሀፍ ዱፕሌክስ ነው። ሕጉ በትክክል ከሠራ ግጭቱ የሚሰማው በመጀመሪያዎቹ 512 ቢቶች፣ ማለትም በመጀመሪያዎቹ 64 ባይቶች ውስጥ ነው፤ እንዲህ ያለው ግጭት የተለመደ ስለሆነ ስዊቹ ራሱ ፍሬሙን ይደግመዋል። ከዚያ ወዲያ የሚደርሰው ሌት ኮሊዥን ይባላል፤ ባግባቡ በተዘረጋ መስመር ላይ መኖር የሌለበት ነው፣ የተቋረጠውንም ፍሬም ስዊቹ አይደግመውም። በፉል ዱፕሌክስ ግን መላኪያውና መቀበያው የተለያዩ ስለሆኑ ማንም ማንንም አያዳምጥም፤ ግጭት የሚባል ነገርም የለም። እንግዲህ በፖርት 23 ላይ የኮሊዥን ቆጣሪ መንቀሳቀሱ ራሱ ፖርቱ በሀፍ ዱፕሌክስ እየሠራ መሆኑን ይናገር ነበር። የሁኔታ ገጹ ሲከፈትም «100 ሀፍ» ይላል።

የአንድን ኬብል ጤና በአንድ ጫፍ ብቻ መመርመር ግማሽ ምርመራ ነው። ወደ ሦስተኛው ፎቅ ወጥተን ከፋይበሩ በኩል የሚገናኘውን ፖርት ስንመለከት «100 ፉል» ይል ነበር፤ ኮሊዥን ዜሮ ነው። በዚያ በኩል እየጨመረ የነበረው የሲአርሲ ስህተት ሲሆን፣ በዚያው አሥር ደቂቃ 1,149 ጨምሯል። በምድሩ ስዊች ላይ ከተቆጠረው 1,155 ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ስድስት ብቻ ነው፤ ያም ሁለቱ ገጾች በአንድ ሰከንድ ባለመነበባቸው የመጣ ነው። ሁለቱ ቆጣሪዎች የሚናገሩት ስለ አንድ ክስተት ነበር። የምድሩ ስዊች በሀፍ ዱፕሌክስ ሕግ እየላከ ሳለ፣ ማዳመጥ የማያስፈልገው የሦስተኛው ፎቅ ስዊች በራሱ ጊዜ መላክ ይጀምራል። የምድሩ ስዊች ይህን ግጭት ብሎ ፍሬሙን መሐል ላይ ይቆርጠዋል። ኮንቨርተሮቹ ፍሬም የሚያከማቹ ዓይነት ስላልነበሩ የተቆረጠው እንዳለ አልፎ ላይኛው ስዊች ይደርሳል፤ እዚያም የማጣሪያው ድምር ስለማይገጥም ሲአርሲ ስህተት ተብሎ ይመዘገባል። ላይ ብቻ ያየ ሰው «ፋይበሩ ተበላሽቷል» ይላል፤ ታች ብቻ ያየ «ስዊቹ ችግር አለበት» ይላል። ፋይበሩም ሆነ ስዊቹ ጤነኞች ነበሩ።

ግጭቶቹ ለምን በአብዛኛው የዘገዩ እንደሆኑም በስሌት ይታያል። 1,518 ባይት ያለው ሙሉ ፍሬም በ100 ሜጋቢት ፍጥነት ለመውጣት 121 ማይክሮሰከንድ ገደማ ይወስዳል፤ የመጀመሪያዎቹ 64 ባይቶች ግን በ5.12 ማይክሮሰከንድ ይጠናቀቃሉ። የላይኛው ስዊች በዚህ መሐል በዘፈቀደ አንድ ፓኬት ቢልክ፣ ግጭቱ ከ64ኛው ባይት በኋላ የመውደቅ ዕድሉ 96 በመቶ ያህል ነው። ይህንን ለማረጋገጥ አንድ ትልቅ ፋይል በሁለቱም አቅጣጫ ተቀድቶ ታየ። ከሰርቨር ወደ ሦስተኛው ፎቅ ሲቀዳ፣ የምድሩ ስዊች ትልልቅ ፍሬሞች ስለሚልክ፣ ሌት ኮሊዥን ይሮጣል። ከሦስተኛው ፎቅ ወደ ሰርቨር ሲቀዳ ግን ከምድሩ ስዊች የሚወጡት በአብዛኛው ትናንሽ የማረጋገጫ ፓኬቶች ስለሆኑ፣ የሚሮጠው ተራው የኮሊዥን ቆጣሪ ነው። ሥራው በሁለቱም አቅጣጫ ይጎተታል፤ የሚንቀሳቀሰው ቆጣሪ ግን ይለያያል። ይህን ዓይነት ነገር በገጹ ላይ ዓይን እያየ ሲገለጥ ማየት፣ ሥራዬ ከሚሰጠኝ ደስታዎች አንዱ እንደሆነ አልደብቅም።

ፒንግ፣ ማለትም አጭር መልእክት ልኮ መልስ የሚጠብቀው መሞከሪያ፣ ይህን ሁሉ ያላሳየው ለምን ነበር? የአይቲ ክፍሉ ወጣት ከሦስተኛው ፎቅ ወደ ሰርቨሩ ደጋግሞ ፒንግ አድርጎ ከሞላ ጎደል ሁሉም መልስ ተመልሶለታል፤ መስመሩ ደህና ነው ያለውም በዚህ ተማምኖ ነው። የዊንዶውስ ፒንግ በሰከንድ አንዲት 78 ባይት ያላት ፍሬም ይልካል፤ መልሷ የሚመጣው እርሷ ከደረሰች በኋላ ነው። ሁለቱ በአንድ ጊዜ መስመር ላይ ስለማይገናኙ፣ የሌላ ሰው ትራፊክ ካልተጋጨባቸው በቀር የሚጠፋ ነገር የለም። ፒንግ የሚመሰክረው መንገዱ መኖሩን ነው፤ በሁለቱም አቅጣጫ በአንድ ጊዜ ሲኬድበት የሚሆነውን አይመሰክርም።

አለመጣጣሙ ከየት እንደመጣ ለማወቅ የመሥሪያ ቤቱን የቅርብ ታሪክ መጠየቅ በቂ ነበር። ዋናው ስዊች ከጥቂት ወራት በፊት በኃይል መዋዠቅ ተቃጥሎ በአዲስ ተተክቷል። እ.ኤ.አ. በ1995 ከፋስት ኢተርኔት (የ100 ሜጋቢቱ ኢተርኔት) ጋር የመጣው የኦቶ ኔጎሺየሽን ሥርዓት፣ በኬብሉ ሁለት ጫፍ ያሉ መሣሪያዎች ፍጥነታቸውንና ዱፕሌክሳቸውን ተነጋግረው እንዲመርጡ ያደርጋል። የ100 ሜጋቢት የፋይበር ደረጃ ግን ይህ ድርድር የለውም፤ ስለሆነም እነዚህ ኮንቨርተሮች በመዳብ በኩልም በ100 ፉል ላይ ተቸንክረው የተሠሩ ናቸው። መስመሩን መጀመሪያ የዘረጋው ባለሙያ ይህን ስለሚያውቅ፣ በሁለቱም ስዊቾች ላይ ፖርቶቹን በእጅ 100 ፉል አድርጓቸው ነበር። አዲሱ ስዊች ሲመጣ ፖርት 23 ከፋብሪካ እንደወጣ በኦቶ ላይ ቀረ። ድርድር የማይመልስለት ጎረቤት ሲያጋጥመው፣ ስዊቹ ከሚመጣው ምልክት ፍጥነቱ 100 መሆኑን ይለያል፤ ዱፕሌክሱን ግን ከምልክቱ ማወቅ አይቻልም። በዚህ ጊዜ ደረጃው የሚያዘው ሀፍ እንዲሆን ነው። ስለዚህ ስዊቹ የተባለውን ፈጽሟል። የጎደለው፣ የፖርት 23 ቅንብር በእጅ የተደረገ መሆኑን የሚናገር አንድ መስመር ማስታወሻ ነው።

ማስተካከያው ከአንድ ደቂቃ በላይ አልወሰደም፤ ፖርት 23 በእጅ 100 ፉል ተደረገ። በዚህ ቦታ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። ከዚህ ተነሥቶ ሁሉንም ፖርት በእጅ መቸንከር አዲስ ችግር መዝራት ነው። ሁለቱም ጫፎች መደራደር በሚችሉበት ቦታ ሁሉ ኦቶ መተው ይሻላል፤ በመዳብ ላይ ለሚሠራው ጊጋቢት ኢተርኔትማ ድርድሩ የደረጃው ግዴታ ነው። እዚህ ላይ በእጅ የተደረገው ኮንቨርተሩ መደራደር ስለማይችል ብቻ ነው። ከማስተካከያው በኋላ የሌት ኮሊዥኑ አኃዝ በነበረበት ደርቆ ቀረ፤ ላይ ያለው የሲአርሲ ስህተትም እንዲሁ። ፋይሎቹ ወዲያው መከፈት ጀመሩ።

ነገር ግን በማግሥቱ የአይቲ ክፍሉ ወጣት ሌላ ነገር ይዞ መጣ፤ በፖርት 23 ላይ ከዚህ በፊት ዜሮ ሊባል በሚችል ሁኔታ የነበረው የተጣሉ ወጪ ፓኬቶች ቆጣሪ መንቀሳቀስ ጀምሯል። አሥር ደቂቃ ውስጥ 190 ያህል ተጥለዋል፤ የወጡት ፍሬሞች 188,000 ገደማ ናቸው፣ ማለትም ከሺህ አንድ። ስህተትና መጣል የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስህተት ፍሬሙ በመንገድ ተበላሽቷል ማለት ሲሆን፣ መጣል ግን ፍሬሙ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ስዊቹ ማቆያ ቦታ አጥቶ ትቶታል ማለት ነው። ሰርቨሩ ከዋናው ስዊች ጋር የተገናኘው በ1 ጊጋቢት ሲሆን፣ የሦስተኛው ፎቅ መስመር 100 ሜጋቢት ነው። ሰርቨሩ ለአንዲት ሚሊሰከንድ ብቻ በሙሉ ፍጥነቱ ቢልክ 125,000 ባይት ይገባል፤ በዚያች ሚሊሰከንድ መውጣት የሚችለው ግን 12,500 ባይት ብቻ ነው። ቀሪው 112,500 ባይት በስዊቹ ማህደረ ትውስታ ላይ ይከመራል፤ እንዲህ ያለው ጥድፊያ ጥቂት ሚሊሰከንድ ከቀጠለ ቦታው ይሞላል። ቀድሞ ግጭቱ ትራፊኩን አንቆ ስለያዘው እዚህ ደረጃ የሚደርስ አልነበረም። የአምስት ደቂቃ አማካይ የሚያሳይ ግራፍ ይህን ፈጽሞ አያይም፤ ለእርሱ ፖርቱ ጥቂት በመቶ ብቻ ነው የሚሠራው። ከሺህ አንድ የሆነ መጣል ቲሲፒ ፍጥነቱን የሚመጥንበት መንገድ ስለሆነ አላሳሰበንም፤ ሆኖም ሁለቱም ስዊቾች ባዶ የኤስኤፍፒ (ፋይበሩ በቀጥታ የሚገባበት ሞጁል) ቀዳዳ ስለነበራቸውና ፋይበሩ ከመቶ ሜትር ስለማይበልጥ፣ ኮንቨርተሮቹ ተነሥተው በጊጋቢት ሞጁሎች ተተኩ። ከዚያ ወዲህ መጣሉም ከሞላ ጎደል ቆሟል።

የሰርቨሩን ፖርት በተመለከተ ግራፉ ራሱ ሐሰተኛ ነበር። ሌሊት ሌሊት ትልቅ የመጠባበቂያ ቅጂ እንደሚወሰድ ይታወቃል፤ በግራፉ ላይ ግን የሰርቨሩ ፖርት አንድም ቀን ከ114 ሜጋቢት በሰከንድ ከፍ ብሎ አያውቅም፤ አንድ ጊዜ 110፣ ቀጥሎ 15፣ ከዚያ 70 እያለ ይዘላል። ይህ 114 የሚለው ጣሪያ ከየት እንደመጣ ለሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ሶፍትዌሩ ያነብ የነበረው የ32 ቢት ቆጣሪ ሲሆን፣ ይህ ቆጣሪ 4,294,967,296 ባይት ሲሞላ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ በሙሉ ጊጋቢት ፍጥነት ይህ የሚሆነው በ34 ሰከንድ ነው። ሶፍትዌሩ የሚጠይቀው በአምስት ደቂቃ አንዴ ስለሆነ፣ ቆጣሪው በመሐሉ ስንት ጊዜ እንደዞረ ማወቅ አይችልም፤ ሊገምት የሚችለው አንድ ዙር ብቻ ነው። አንድ ሙሉ ዙር በ300 ሰከንድ ሲካፈል 114.5 ሜጋቢት በሰከንድ ይሆናል። መፍትሔው የ64 ቢቱን ቆጣሪ ማንበብ ነው፤ እርሱ በጊጋቢት ፍጥነት ለመዞር ከ4,600 ዓመት በላይ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የኢንተርፌስ (የፖርት) ቆጣሪዎች ደረጃ፣ ከ20 ሜጋቢት በሰከንድ በላይ ለሚሠራ መስመር ሁሉ የባይት ቆጣሪው 64 ቢት እንዲሆን ያዛል። ስዊቹ ይህን ቆጣሪ ነበረው፤ ሶፍትዌሩ ግን በኤስኤንኤምፒ ሥሪት 1 ተቀናብሮ ነበር፣ ሥሪት 1 ደግሞ የ64 ቢት ቆጣሪ አያውቅም። ወደ ሥሪት 2ሲ ሲዛወር የሌሊቱ ቅጂ በእውነተኛ ቁመቱ ታየ። ሰርቨሩ ሥራ ፈት ነው የሚለው የአይቲ ክፍሉ ማስረጃ በዚህ ወደቀ፤ ዕድል ሆኖ ቅጂው ማንንም በማይጎዳበት ሰዓት ነበር።

የቀረው የመላው ሕንፃ ቅሬታ፣ ከምሳ በኋላ የሚጎተተው ኢንተርኔት ነው። ወርኃዊው ግራፍ ከ20 በመቶ አያልፍም ይል ነበር። መቶው ምንድን ነው ተብሎ ግን አልተጠየቀም። ሶፍትዌሩ በመቶኛ ሲያሰላ የሚያካፍለው በፖርቱ ፍጥነት ነው፤ ፖርት 24 ከራውተሩ ጋር በ100 ሜጋቢት ተገናኝቷል። መሥሪያ ቤቱ ከአቅራቢው የተዋዋለው ግን 20 ሜጋቢት በሰከንድ ነው። ስለዚህ 20 በመቶ ማለት እስከ አፉ የሞላ መስመር ነው። የዕለቱን ግራፍ ከፍተን ስናይ መስመሩ ከ7 ሰዓት ጀምሮ እስከ 11 ሰዓት ድረስ እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ሆኖ 20 ላይ ይሄዳል። የሰዎች አጠቃቀም እንዲህ አይጠፈጠፍም፤ ይወጣል ይወርዳል። ጠፍጣፋ አናት ያለው ግራፍ ሲታይ፣ ትራፊኩ የማይታይ ጣሪያ ነክቷል ብሎ መጠርጠር ይገባል።

እዚህ ላይ ነው የአቅጣጫው መገላበጥ የመጣው። ጠፍጣፋው መስመር በሪፖርቱ እንደተጻፈው «ገቢ» ሳይሆን «ወጪ» ነበር፤ ማለትም መስመሩን የሞላው ሠራተኞች ከኢንተርኔት የሚያወርዱት ሳይሆን ከሕንፃው ወደ ውጭ የሚላክ ነገር ነው። ወደ ውጭ የሚሄደው ሲሞላ፣ ለሚወርደው መረጃ የሚላኩት የማረጋገጫ ፓኬቶች ወረፋ ላይ ስለሚቆዩ ማውረዱም አብሮ ይጎተታል፤ ሠራተኛው የሚያየው ይህንኑ ነው። ምንጩን ለመፈለግ ሌላ መሣሪያ አላስፈለገም። በዋናው ስዊች ላይ ከ7 ሰዓት በኋላ «ገቢው» በድንገት ወደ 20 ሜጋቢት የሚዘል ፖርት አንድ ብቻ ነበር፤ የሁለተኛው ፎቅ። በሁለተኛው ፎቅ ስዊች ላይ ተመሳሳይ ዝላይ ያለው ፖርት 6 ነው፤ ኬብሉን ተከትለን ስንሄድ የደረስነው የጥበቃ ካሜራዎቹ መቅጃ ላይ ነው። መቅጃው በየቀኑ ከ7 ሰዓት ጀምሮ የቀኑን ቅጂ ከሕንፃው ውጭ ወዳለ ማከማቻ እንዲልክ ተቀናብሮ ኖሯል። ይህን ያቀናበረው ካሜራውን የተከለው ባለሙያ ሲሆን፣ የአይቲ ክፍሉ ጨርሶ አያውቅም።

የመላኪያው ሰዓት ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ እንዲሆን ተደረገ፤ ከሰርቨሩ ቅጂ ጋር እንዳይጋጭ መጠየቁ ተገቢ ቢሆንም፣ የሰርቨሩ ቅጂ ከሕንፃው ስለማይወጣ ፖርት 24ን አይነካም። በክትትል ሶፍትዌሩ ላይ የፖርት 24 ፍጥነት በእጅ 20 ሜጋቢት ተብሎ ስለተጻፈ፣ ከዚህ በኋላ 100 በመቶ ሲል እውነተኛው መቶ ነው። በእያንዳንዱ ፖርት የስም መስክ ላይ ምን እንደተሰካበትና ቅንብሩ በእጅ የተደረገ ከሆነ ምክንያቱ ተጽፏል። የኢንተርኔት ማሳደጊያው የግዥ ጥያቄ፣ አዲሱ የዕለት ግራፍ ለአንድ ወር ታይቶ እንዲወሰን በአስተዳደሩ በኩል እንዲቆይ ተደርጓል።